መድኃኒቱን አስረድቼ ሰጠሁ፤ ታካሚው ግን ተሳስቶ ወሰደ

ጥያቄ፦ «ሐዋሳ ውስጥ በአንድ የግል ፋርማሲ የምሠራ ድራጊስት ነኝ። በቅርቡ አንድ አባት የሦስት መድኃኒት ማዘዣ ይዘው መጡ። አምሎዲፒን 5 ሚሊ ግራም፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ 25 ሚሊ ግራም እና ለጉልበታቸው ሕመም ፓራሲታሞል። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን፣ የደም ግፊቶቹን፣ ጠዋት ጠዋት አንድ አንድ ፍሬ፣ ፓራሲታሞሉን በቀን ሦስት ጊዜ ብዬ ነገርኳቸው። ካርቶኑ ላይም 1×1 እና 1×3 ብዬ ጻፍኩ። ‹ገብቶኛል ልጄ› ብለው መርቀውኝ ሄዱ። የወሩ መድኃኒት በ10 ቀን አልቆ ከልጃቸው ጋር ተመለሱ። ሁሉንም በቀን ሦስት ሦስት ጊዜ ሲወስዱት ነበር። እግራቸው አብጧል፤ ያዞራቸዋል። ልጃቸው በጣም ተቆጣችኝ። እኔ ግን ነግሬያቸው ነበር። ብዙዎቹ ደንበኞቻችን ከገጠር የሚመጡ ናቸው፤ አንዳንዶቹ አማርኛም በደንብ አይሰሙም። ወረፋው ረጅም ነው፤ ባለቤቱም ‹ብዙ አታውሪ› ይለኛል። ላልተማረ ሰው መድኃኒት የማስረዳት ቀላል ዘዴ ካለ ንገሩኝ።»

መልስ፦ ከዘዴው በፊት አባትየው ይቅደሙ። አምሎዲፒን 5 ሚሊ ግራም በቀን ሦስት ጊዜ ማለት 15 ሚሊ ግራም ነው። የቀኑ ጣሪያ 10 ነው። የእግር እብጠት የታወቀ የአምሎዲፒን የጎንዮሽ ጉዳት ሲሆን መጠኑ በጨመረ ቁጥር ይብሳል። ሃይድሮክሎሮታያዛይዱም 75 ሚሊ ግራም ደርሷል። ይሄኛው ውሃና ጨው በሽንት ያስወጣል፤ ሲበዛ በደም ውስጥ ያለውን ፖታሲየምና ሶዲየም ያወርዳል። ማዞሩ ከዚህም፣ ከግፊቱ መውረድም ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ «ከአሁን በኋላ አንድ አንድ ይውሰዱ» ብሎ መሸኘት አይበቃም። በዚያው ቀን ሐኪም ሊያያቸው ይገባ ነበር። ግፊታቸው ተቀምጠውም ቆመውም መለካት አለበት። የኩላሊትና የጨው ምርመራም ያስፈልጋቸዋል። ራሳቸውን ከሳቱ፣ ልባቸው ያለ ወትሮው ከመታ ወይም ግራ ከተጋቡ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። እስካሁን ካልላክሻቸው ዛሬውኑ ለልጃቸው ደውዪ።

አንድ ነገር አደራ። እብጠቱን ለማጉደል ብለሽ ፉሮሰማይድ የሚባለውን ሽንት የሚያስወጣ መድኃኒት እንዳትሰጪ። ሽንት ቀድሞውኑ በዝቶባቸዋል። በአምሎዲፒን የመጣ እብጠት የሚሻለው መጠኑ ሲስተካከል ወይም መድኃኒቱ ሲቀየር ነው፤ ያንን የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ችግሩን በአባትየው አለመማር ላይ ጥለሽዋል። እዚያ ላይ አልስማማም። መምህርም፣ የባንክ ሠራተኛም፣ ነርስም መድኃኒት ተሳስተው ይወስዳሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2003 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ በበለጸጉት አገሮች እንኳ የረጅም ጊዜ መድኃኒታቸውን እንደታዘዘላቸው የሚወስዱት በአማካይ ግማሽ ያህሉ ታካሚዎች ብቻ ናቸው። እነዚያ ሰዎች ደግሞ ማንበብና መጻፍ ይችላሉ።

አባትየው ለምን እንደተሳሳቱ ከራስሽ ጽሑፍ ይታያል። ሦስት መድኃኒት፣ ሁለት ዓይነት አወሳሰድ፣ ሁሉም በአንድ ትንፋሽ። መጨረሻ ላይ የሰሙት «በቀን ሦስት ጊዜ» ነው። እሱን ይዘው ሄዱ። ከዚህ በፊት የሚያውቁት መድኃኒትም የሦስት ጊዜ ሳይሆን አይቀርም፤ እዚህ አገር አሞክሳሲሊን ያልዋጠ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ግፊት አለብዎት የተባሉት ምናልባት በዚያው ቀን ነው። ዋጋውን በልባቸው እያሰሉ ነው። የመኪና ሰዓት እያሰቡ ነው። ከኋላቸው ወረፋው ይገፋል። በዚህ መሀል ማንም ሰው አንድ ነገር ቢይዝ ነው፤ ቢበዛ ሁለት።

በ2006 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ጥናት ሁልጊዜ ትዝ ይለኛል። ተመራማሪዎቹ ለታካሚዎች «ሁለት ፍሬ በቀን ሁለት ጊዜ» የሚል የመድኃኒት ጽሑፍ አሳዩዋቸው። የማንበብ ችሎታቸው ዝቅተኛ ከሆኑት መካከል 71 በመቶ ያህሉ ትእዛዙን በትክክል ተናገሩት። «እስቲ የአንድ ቀኑን ቆጥራችሁ አሳዩን» ሲባሉ ግን በትክክል የቆጠሩት 35 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። ቃሉን መድገምና ፍሬውን መቁጠር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው ማለት ነው። አንቺ ያረጋገጥሽው የመጀመሪያውን እንኳ አይደለም። የሰማሽው «ገብቶኛል» ብቻ ነው።

«ገብቶኛል» እኛ ጋ ብዙ ጊዜ ጨዋነት ነው። ትልቅ ሰው ነጭ ጋዋን ለለበሰች ልጅ «አልገባኝም» ማለት ይከብደዋል። አንቺን የሚነቅፍ ይመስለዋል። በወረፋው ፊት መዋረድም አለ። «ገባዎት?» ብለሽ ስትጠይቂ ያለው መልስ አንድ ብቻ ነው፤ «አዎ»። ስለዚህ ይህን ጥያቄ ተዪው። ከነገ ጀምሮ ከአፍሽ አይውጣ።

በምትኩ እንዲህ በዪ፦ «አባባ፣ በደንብ አስረድቼ እንደሆነ ማየት ፈልጌ ነው። ነገ ጠዋት ቤት ሆነው ይቺን እንዴት ነው የሚወስዷት? እስቲ ያሳዩኝ።» ፈተናውን በራስሽ ላይ ነው ያደረግሽው፤ እሳቸው ላይ አይደለም። ስለዚህ አያፍሩም። «ያሳዩኝ» ስትዪ ደግሞ በቃል ብቻ እንዳይሆን። ፍሬዎቹ የታሸጉበት ስትሪፕ እጃቸው ላይ ይሁን። በጣታቸው የጠዋቱን ፍሬ ይንኩ። የማታም ካለው የማታውን ይንኩ።

ዋናው ነገር አንድ በአንድ መሄድ ነው። ሦስቱን መድኃኒት ካውንተሩ ላይ ደርድረሽ አትጀምሪ። አምሎዲፒኑን ብቻ አውጪ። ለምን እንደሆነ፣ መቼና ስንት እንደሆነ ንገሪ። ያሳዩሽ። ልክ ከሆነ ፌስታል ውስጥ ይግባ። ከዚያ ሁለተኛውን አውጪ። የተለየ አወሳሰድ ያለው መድኃኒት ሲመጣ ቆም በዪና ልዩነቱን አውጥተሽ ተናገሪ፦ «ይሄኛው ግን ከነዚያ ይለያል። የጉልበት ማስታገሻ ነው። ሲያምዎት ነው፤ በቀን እስከ ሦስት ጊዜ። የግፊቶቹ ግን አመመም አላመመም ጠዋት አንድ አንድ ብቻ።» ተሳስተው ካሳዩሽ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አትድገሚው። ብዙዎቻችን የምናደርገው እሱን ነው፤ ደንቆሮ የሆኑ ይመስል። መንገዱን ቀይሪ። ፍሬውን ቆጥረሽ አሳዪ፣ ከቁርስ ጋር አያይዢው፣ ወይም አብሯቸው የመጣውን ሰው ጥሪ።

ወደ ጽሑፉ ልምጣ። 1×1 እና 1×3 የኛ የባለሙያዎቹ ምልክት ነው። እኛ ስላነበብነው ሰው ሁሉ የሚያነበው ይመስለናል። 1×3ን አይቶ ሦስቱን ባንዴ የዋጠ ሰው አጋጥሞኛል። በቀጥታ ጻፊው፦ «ለደም ግፊት፤ ጠዋት 1 ፍሬ፤ በየቀኑ።» ለምን እንደሆነ መጻፉን አትርሺ። ቤት ውስጥ አራት ካርቶን ካለ የቱ ለምን እንደሆነ ከሳምንት በኋላ ማንም አያስታውሰውም። ስትሪፕ ስትቆርጪ ደግሞ ስሙና የሚያበቃበት ቀን ያለበትን ጫፍ ለታካሚው ተዪለት።

ሰዓት ላይ ተጠንቀቂ። «በየ8 ሰዓቱ» ስትዪ «በ8 ሰዓት» ብሎ የሚሰማ ብዙ ነው። ከምሳ በኋላ አንዴ ይውጣትና ጨረስኩ ይላል። ስለዚህ ሰዓቶቹን በእኛ አቆጣጠር ዘርዝሪያቸው፦ ጠዋት 12፣ ቀን 8፣ ማታ 4። የስልክ ማንቂያ እንዲሞሉ ከመከርሽም ስልኩ በየትኛው ሰዓት እንደሚሠራ እዪ። ስልኩ 8፡00 ሲል ጠዋት ከሆነ ለእኛ 2 ሰዓት ነው።

ይህ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ በወባ መድኃኒቱ በኮአርተም ነው። ሐዋሳ የወባ አገር ነው፤ በየጊዜው ትሰጪዋለሽ። ለአዋቂ 24 ፍሬ ነው፦ አራት አራት ፍሬ፣ ስድስት ጊዜ፣ በሦስት ቀን። ሁለተኛው ከመጀመሪያው 8 ሰዓት ቆይቶ መወሰድ አለበት። ብዙ ሰው የሚስተው ይህንን ነው፤ «ጠዋትና ማታ» ብሎ በራሱ ያስተካክለዋል። ስለዚህ ሒሳቡን አንቺ ሥሪለት። የመጀመሪያውን አራት ፍሬ ፋርማሲው ውስጥ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ከዋጠ፣ ቀጣዩ ማታ 12 ሰዓት ነው። ነገና ከነገ ወዲያ ጠዋትና ማታ። ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ በደንብ ወደ ደም ይገባል። ወተት፣ አቮካዶ ወይም ቅቤ የገባበት ቡርሳሜ ይሆናል። በወሰደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ካስመለሰው ያንኑ መጠን መድገም አለበት፤ ስለዚህ እንዲመለስ ንገሪው። አለዚያ አራት ፍሬ ይጎድለዋል።

ለቫይቫክስ ወባ ፕሪማኩዊን ለ14 ቀን ሲታዘዝም ሰው መሀል ላይ ያቆመዋል። ትኩሳቱ ቀድሞ ስለሚጠፋ ነው። «የቀረው ወባ ጉበት ውስጥ ተኝቷል፤ ይሄኛው እሱን ነው የሚገድለው» በይው። ምክንያቱን ያወቀ ሰው ይጨርሰዋል። ሽንቱ ጠቁሮ እንደ ኮካ ከሆነ ግን አቁሞ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። ነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ ፕሪማኩዊን አትወስድም፤ ሴት ታካሚ ስትመጣ ይህን ሳትጠይቂ አትስጪ።

«ከምግብ በኋላ» የምትለዋም ብዙ ታታልላለች። በቀን ሁለቴ የሚበላ ሰው የሦስት ጊዜውን መድኃኒት ሁለቴ ይወስዳል። ቁርስ ካልበላ የጠዋቱን ይዘለዋል። ስለዚህ መጀመሪያ «በቀን ስንት ጊዜ ይበላሉ? መቼ መቼ?» ብለሽ ጠይቂ። የስኳር መድኃኒቱ ሜትፎርሚን ከምግብ ጋር የሚወሰደው ሆድ እንዳይረብሽ ነው። አምሎዲፒን ግን ምግብ ኖረም አልኖረም ግድ የለውም። ይህን ካልነገርሻቸው «አልበላሁም» ብለው የግፊቱን ይተዉታል። የጨጓራው ኦሜፕራዞል ደግሞ በተቃራኒው ከምግብ በፊት ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ ነው የሚሻለው።

ጾም የዚሁ ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ግን አደጋው ይከብዳል። በሁዳዴ እስከ 9 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ የሚቆዩ አሉ። ረመዳን አለ። ሐዋሳ ላይ የጾም ጸሎት የሚይዙ የፕሮቴስታንት አማኞችም ብዙ ናቸው። የስኳር ታካሚው ግሊቤንክላማይዱን ጠዋት ወስዶ ምግብ ካልበላ ስኳሩ ይወርዳል። ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ግራ ይጋባል፣ ሲብስ ራሱን ይስታል። ስለዚህ ለስኳር መድኃኒት ወሳጅ ሁሉ «ይጾማሉ?» ብለሽ ጠይቂ። የሚጾም ከሆነ ጾሙ ሳይገባ ሐኪሙ ጋ ይሂድና መድኃኒቱ ይስተካከል። አንቺ መጠኑን እንዳትነኪው። ከሃይማኖት አባቱ ጋር መነጋገሩም ይጠቅማል፤ ለታመመ ሰው ምን እንደሚሉ እነሱ ያውቁታል። ምልክቶቹ ሲመጡ ግን ጾም የለም። ወዲያው ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ ወይም ለስላሳ ይጠጣል፤ ከዚያ ምግብ ይበላል። ይህን ለቤተሰቡም ንገሪ፤ ራሱን የሳተ ሰው ራሱን አይረዳም። ራሱን ለሳተ ሰው ደግሞ በአፉ ምንም አይሰጥም፤ ወደ ሕክምና ይወሰዳል።

የጎንዮሽ ጉዳትን በተመለከተ በወረቀቱ ላይ ያለውን ሁሉ አታንብቢላቸው። ሰው ይፈራና መድኃኒቱን መሳቢያ ውስጥ ይተወዋል። ዝም ማለትም አይሆንም። እያንዳንዱ መድኃኒት ሰውን ተስፋ አስቆርጦ የሚያስተወው አንድ ነገር አለው። እሱን ቀድመሽ ንገሪ። የግፊት መድኃኒቱ ኢናላፕሪል ደረቅ ሳል ያመጣል። ታካሚው ጉንፋን መስሎት የሳል ሽሮፕ ይገዛል፤ ሲሰለቸው ደግሞ የግፊቱን ያቆማል። «ሳል ከጀመረዎት በራስዎ አያቁሙ፤ ሐኪሙ በሌላ ይቀይርልዎታል» ማለት በቂ ነው። ፊትና ከንፈር ካበጠ ግን ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ነው፤ ኢናላፕሪሉም እዚያው ይቆማል። የቲቢ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲን ሽንትን ብርቱካናማ ያደርጋል፤ ያልተነገረው ሰው ደም ይመስለውና ይደነግጣል። የደም ማነስ ብረት ሰገራ ያጠቁራል። ይህ ችግር የለውም፤ ግን ከቡናና ከሻይ ቢያንስ በሁለት ሰዓት ይራቅ። ይህንን ቡና በቀን ሦስቴ በሚፈላበት ቤት ላለች ነፍሰ ጡር ደግመሽ ንገሪያት። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ሽንት ያበዛል፤ ጠዋት የሚወሰደው ሌሊት እንዳያመላልሳቸው ነው። ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚባለው አንቲባዮቲክ ከወተትና ከእርጎ ጋር አይዋጥም። ሌላው አንቲባዮቲክ ሜትሮኒዳዞል ከጠላም ከአረቄም ከቢራም ጋር አይሄድም። ይህን ስትናገሪ «እኔ አልጠጣም» የሚሉ አሉ፤ ጠላ መጠጥ የማይመስላቸው ስላሉ ስሙን ጥሪው።

የግፊት መድኃኒት ሲሆን ሌላ ጣጣ አለ። ግፊት አያምም። ሰው ራሱን ሲያመው «ግፊቴ ጨመረ» ይልና አንድ ፍሬ ይውጣል፤ ሲሻለው ይተዋል። ፍሬው ሲያልቅ «ጨርሻለሁ፤ ድኛለሁ» የሚልም ብዙ ነው። «የሚወስዱት እንዲሻልዎት ብቻ አይደለም፤ ስትሮክ እንዳይመታዎት፣ ልብና ኩላሊትዎ እንዳይጎዱ ነው። ሲያልቅ ደግመው ይምጡ» ማለት አለብሽ። ነጭ ሽንኩርት ወይም ጠበል ጀምሬ ተውኩት ለሚልሽ አትሳቂበት፣ አትቆጪውም። «ያንንም ይያዙ፣ ይሄንንም አይተዉ» በይው። ከተቆጣሽው ሁለተኛ አይነግርሽም።

ስለ አባትየው አንድ ነገር ልጨምር። ጉልበታቸው መታመሙ አይቀርም። ሌላ ቦታ ሄደው «ጠንከር ያለ ስጡኝ» ይላሉ፤ ዳይክሎፌናክ ይሸጥላቸዋል። እሱ ግፊት ይጨምራል። እሳቸው ከሚወስዱት ጋር ሲደረብ ደግሞ ኩላሊትን ይጎዳል። «ማስታገሻ ሲገዙ ግፊት እንዳለብዎት ይናገሩ» የሚለው ምክር ፓራሲታሞሉን ስትሰጪ አብሮ መሄድ አለበት።

አምራቹ ሲቀየር ቀለሙም ካርቶኑም ይቀየራል። ባለፈው ወር ነጭ የነበረው አሁን ቢጫ ይሆናል። ታካሚው አዲስ የተጨመረለት ይመስለውና የድሮውንም የአዲሱንም ይወስዳል። ወይም «ይሄ የኔ አይደለም» ብሎ ይተወዋል። ከሁለት ፋርማሲ በሁለት የንግድ ስም የተገዛ አምሎዲፒን አንድ ቤት ውስጥ ማግኘት ብርቅ አይደለም። ቀለም በተቀየረ ቁጥር ተናገሪ፦ «መልኩ ነው እንጂ መድኃኒቱ ያው ነው። የድሮው ካለ መጀመሪያ እሱን ይጨርሱ።» ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ሰብስበው እንዲያመጡ መጠየቅም ጥሩ ነው። ብዙ ጉድ ይወጣል።

የሕፃናት ሽሮፕ ራሱን የቻለ ርዕስ ስለሆነ በአጭሩ ልለፈው። ዱቄቱን ከቻልሽ ፋርማሲው ውስጥ ለእናትየዋ በጥብጪላት፤ ካልሆነ ውሃው ፈልቶ የቀዘቀዘ፣ እስከ መስመሩ ድረስ፣ በየመሀሉ እየተናጠ። በቤት ማንኪያ አይለካም፤ ማንኪያው ሁሉ መጠኑ ይለያያል። መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ስጫትና መጠኑ ላይ በእስክሪብቶ መስመር አስምሪ። አሞክሳሲሊን ሽሮፕ 125 እና 250 ሚሊ ግራም በሚል በሁለት ጥንካሬ ስለሚመጣ ባለፈው ወር የሰጠችውን ያህል እንዳትሰጥ አስጠንቅቂያት። የተበጠበጠው ስንት ቀን እንደሚቆይ ካርቶኑ ላይ አለ፤ የሚጣልበትን ቀን ጠርሙሱ ላይ ጻፊላት።

አማርኛ በደንብ ለማይሰሙት መፍትሔው ቀስ ብሎ አማርኛ መናገር አይደለም። ሐዋሳ ላይ ሲዳምኛ የሚችል ሰው ፋርማሲሽ ውስጥ ወይም ጎረቤት አይጠፋም። ወላይትኛና ኦሮምኛ የሚችሉም እንዲሁ። ግን ማንንም አታስተርጉሚ። ልጅ ለእናቱ የማህፀን መድኃኒት፣ ጎረቤት ለጎረቤቱ የኤችአይቪ ወይም የአባላዘር መድኃኒት አያስተረጉምም። እንዲህ ያለውን ከካውንተሩ ዞር አድርገሽ፣ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ፣ በታካሚው ፈቃድ ብቻ። አንቺም ጠዋት፣ ማታ፣ አንድ፣ ከምግብ ጋር፣ አይቁም የሚሉትን በሲዳምኛ ተማሪያቸው። ከአንድ ሳምንት በላይ አይፈጅብሽም። ፀሐይና ጨረቃ መሳልም ይረዳል። ስዕሉን ያየ ሁሉ የተረዳ እንዳይመስልሽ እንጂ፤ ከስዕሉም በኋላ «ያሳዩኝ» አይቀርም።

ስለ ወረፋውና ስለ ባለቤቱ ደግሞ ልናገር። ሁሉም ሰው እኩል ጊዜ አያስፈልገውም። አዲስ መድኃኒት የጀመረ፣ ሦስትና ከዚያ በላይ የያዘ፣ ብቻውን የመጣ አዛውንት፣ ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን የያዘች እናት፣ ኢንሱሊን ወይም የሚነፋ የአስም መድኃኒት የታዘዘለት፤ እነዚህ ላይ ጊዜሽን አጥፊ። ማህፀን ውስጥ ወይም በፊንጢጣ የሚገባ መድኃኒትም እዚህ ይመደባል፤ የሚውጡት አሉና። ለዓመታት ያንኑ የሚወስድ ሰው ግን አንድ ጥያቄ ይበቃዋል፦ «አሁን እንዴት እየወሰዱት ነው?» መልሱ ልክ ከሆነ ሸኚው። ለባለቤቱ ደግሞ የሚገባውን ቋንቋ ተናገሪ። የተቆጣችው ልጅ በሚቀጥለው ወር የአባቷን መድኃኒት የምትገዛው ከማን ነው? በደንብ የተነገረው ሰው ግን ተመልሶ ይመጣል፤ ጎረቤቱንም ይዞ ይመጣል። ይህም ካልገባው፣ ያለ ምክር መድኃኒት ማስረከብ ሥራሽን ግማሽ ጥሎ መሄድ ነው። የሙያ ፈቃዱ ያንቺም ነው፤ ተጠያቂነቱም።

ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው። አንድ መድኃኒት ባንዴ፤ ለምን፣ መቼና ስንት እንደሆነ በተራ ቃል ተጽፎ፤ ታካሚው በገዛ እጁ እስኪያሳይሽ ድረስ ፌስታሉ አይታሰርም። ሌላው ሁሉ በጊዜሽ ልክ ይጨመራል፤ ይህ ግን አይቀነስም።

ገደብሽንም እወቂ። የማዘዣው ጽሑፍ ካልተነበበ አትገምቺ። የሐኪሞቻችንን የእጅ ጽሑፍ እኔም አንቺም እናውቀዋለን። ደውዪ፤ ካላገኘሽ ታካሚውን ወደ መጣበት መልሺ። መጠኑ የበዛ ወይም ሁለት መድኃኒት የማይስማማ ከመሰለሽ በታካሚው ፊት «ሐኪሙ ተሳስቷል» አትበዪ፤ መጀመሪያ ሐኪሙን ጠይቂ። መጠን አትጨምሪ፣ አትቀንሺ፣ በራስሽም አትለውጪ። ታካሚው «ምንድን ነው በሽታዬ?» ብሎ ከጠየቀሽ ሐኪሙ የነገረውን ጠይቂው፤ ካልነገረው ምርመራውን አንቺ ካውንተር ላይ አትፍቺው። አስረድተሽ፣ አሳይቶሽ፣ አሁንም ግራ የተጋባ ሰው ካለ ደግሞ መድኃኒቱን ይዞ ብቻውን እንዳይሄድ አድርጊ። የቤተሰብ ስልክ ጠይቂና እሱ ፊት ደውዪ፤ አወሳሰዱን ለዚያ ሰው ንገሪ፤ እሱም ይድገምልሽ።